ዕዳ ማቻቻል (በባንክ ሥራ)

ዕዳ ማቻቻል ማለት ባንክ የመክፈያ ቀኑ ደርሶ ያልተከፈለውን ብድር ያው ተበዳሪ እዚያው ባንክ ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ ቀንሶ የሚያወራርድበት መብት ነው። ባንኩ ክስ አይመሠርትም፣ ፍርድ አያስፈርድም፣ የፍርድ አፈጻጸምም አይጠይቅም። ከአንዱ ሒሳብ ቀንሶ በሌላው ላይ ይመዘግባል፤ በተቀነሰው ልክ የሁለቱም ወገኖች ዕዳ ይቀራል። ሌላ አበዳሪ ፍርድ ቤት ተመላልሶ የሚያገኘውን ባንክ በአንድ ምዝገባ ይጨርሰዋል። መብቱን አብዛኞቹ የዓለም ሕጎች ያውቁታል። ክርክሩ የሚነሳው ባንኩ ከመቀነሱ በፊት መንገር አለበት ወይ፣ የማንን ገንዘብ መንካት ይችላል፣ ለደንበኛውስ ምን ያህል መተው አለበት በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። ከዚህ በታች የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሕጎች ዓመታት ደግሞ በዓ.ም. ተጽፈዋል።

ማቻቻል ከሁለት ተቀራራቢ ነገሮች ይለያል። ፍርድ ቤት በሌላ ባለገንዘብ ጥያቄ ሒሳብ ሲያግድ ባንኩ ትእዛዝ ፈጻሚ እንጂ ባለጉዳይ አይደለም። ደንበኛው «በየወሩ ከደመወዜ ይህን ያህል ለብድሬ ቁረጡ» ብሎ ሲፈርምም ባንኩ የሚሠራው በደንበኛው ፈቃድ ነው። ማቻቻል ግን ባንኩ በራሱ ጉዳይ፣ በራሱ ውሳኔ የሚፈጽመው ነው። ዳኛውም አስፈጻሚውም ባለገንዘቡ ራሱ ስለሆነ ሕግ ብዙ ገደብ አበጅቶለታል።

የመብቱ መሠረት

ሰው ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ «ገንዘቤ» ይለዋል። በሕግ ዓይን ግን ብሩ በመስኮቱ ካለፈ በኋላ የባንኩ ሀብት ነው፤ ለአስቀማጩ የቀረው ያንኑ ያህል መልሶ የመጠየቅ መብት ብቻ ነው። በአጭሩ፣ ባንኩ ባለዕዳ ነው። ይህን በማያሻማ ቋንቋ ካስቀመጡት ውሳኔዎች የታወቀው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1848 በፎሊ እና በሂል መካከል የሰጠው ነው። በ1829 ከ6,000 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ በዓመት 3 በመቶ ወለድ ሂል ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ፎሊ በ1838 ጉዳዩን ያቀረበው እንደ አደራ ገንዘብ አድርጎ ነው፤ አደራ ከሆነ በጊዜው የዕዳ ክስ ላይ የተጣለው የ6 ዓመት ይርጋ አያግደውምና። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ባለባንክ የደንበኛው አደራ ጠባቂ አይደለም፣ ተራ ባለዕዳ ነው፤ በገንዘቡ ቢነግድበት ወይም ቢከስርበት የራሱ ጉዳይ ነው፣ ግዴታው ሲጠየቅ ልኩን መመለስ ነው አለ።

ያ ፍርድ ስለ ብድር ማስመለስ አንድም ቃል አልተናገረም። ማቻቻልን የሚቻል ያደረገው ግን እሱ ነው። ባንኩ ለደንበኛው 60,000 ብር ዕዳ ካለበት፣ ደንበኛውም ለባንኩ ቀኑ ያለፈበት 100,000 ብር ካለበት፣ ሁለቱ ዕዳዎች ተጣጥተው 40,000 ብር ብቻ ይቀራል። ገንዘቡ በካዝና የተቆለፈ የደንበኛው ንብረት ቢሆን ኖሮ ባንኩ ሊነካው የሚችለው እንደ መያዣ ብቻ በሆነ ነበር።

መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ሁኔታ የብድሩ ቀን መድረሱ ነው። ከብድሩ ሁለት ዓመት የሚቀረው ተበዳሪ አንድ ወር ሲያሳልፍ ባንኩ በዚያ ወር ክፍያ ልክ ማቻቻል ይችላል፤ ያልደረሰውን ሁለት ዓመት ግን ከሒሳቡ ሊያነሳ አይችልም። ባንኮች ይህን የሚሻገሩት ውሉ ውስጥ በሚያስገቡት አንቀጽ ነው፦ ተበዳሪው ክፍያ ካስተጓጎለ ባንኩ ሙሉ ብድሩን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል ይላል። ባንኩ ይህን አንቀጽ ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ ሙሉው ብድር ቀኑ የደረሰ ዕዳ ይሆናል። ሁለተኛው፣ መጠኑ የታወቀ መሆን አለበት፤ ገና በክርክር ላይ ያለ የካሳ ጥያቄ አይቻቻልም።

ሦስተኛውና ብዙ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ደግሞ ሁለቱ ዕዳዎች በእነዚያው ሁለት ሰዎች መካከል፣ በዚያው ስም መሆናቸው ነው። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዕዳ ከሥራ አስኪያጁ የግል ቁጠባ አይቀነስም፤ ሰውዬው ዋስ ካልሆነ በቀር። አባት ለልጁ ሞግዚት ሆኖ በስሙ የያዘው ገንዘብ ለአባትየው የመኪና ብድር አይውልም። የባልና ሚስት የጋራ ሒሳብ ደግሞ ከአገር አገርና ከውል ውል ይለያያል፤ ለሁለቱ በጋራ የሚከፈል ዕዳ ስለሆነ በመርህ ደረጃ የአንዳቸው የግል ብድር ሊቻቻልበት አይገባም፣ ሒሳቡ ሲከፈት የተፈረመው ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ይለውጠዋል። ያን ቅጽ አንብቦ የሚፈርም ጥቂት ነው።

ቅርንጫፍ መለያየቱ ለውጥ አያመጣም። በ1872 በእንግሊዝ ጋርኔት የተባለ ደንበኛ በአንድ ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች ሒሳብ ነበረው፤ በአንዱ ዕዳ፣ በሌላው ተቀማጭ። ባንኩ ሳይነግረው ሁለቱን አጣምሮ ቼኮቹን መለሰበት፤ ሲከሰስም ረታ። ባንክ አንድ ሰው ነው፣ ቅርንጫፎቹ ለአሠራር ምቾት የተከፈቱ መስኮቶች ናቸው፣ ደንበኛውም የገዛ ሒሳቡን ሁኔታ ያውቃል ተብሎ ይገመታል የሚል ሐሳብ ነው ያሸነፈው። በ1918 በብራድፎርድ ኦልድ ባንክ ጉዳይ ግን ፍርድ ቤቱ ለተንቀሳቃሽ ሒሳብና ለብድር ሒሳብ የተለየ መስመር አሰመረ። ብድር ሒሳብ የተከፈተለት ሰው ተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ላይ ባለው ገንዘብ ተማምኖ ቼክ ይጽፋል፤ ባንኩ ያለ ማስታወቂያ ሁለቱን ቢያጣምር ማንም ነጋዴ ቼክ ለመጻፍ ልብ አይኖረውም። ሁለቱ ፍርዶች በአንድ ላይ ሲነበቡ ዋናው ነገር ይታያል፦ ማቻቻል ከባዱን ጉዳት የሚያደርሰው በተወሰደው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ሳያውቅ በሌሎች ሰዎች ፊት ቃሉን እንዲያጥፍ በማድረጉ ነው።

ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ

ሮልስ ሬዘር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በርካሽ እየሸጠ ስሙ የገነነ ኩባንያ ነበር፤ መሪው ጆን ብሉም ነው። በ1964 ኩባንያው የትርፍ ድርሻ ለባለአክሲዮኖች እንደሚከፍል አውጆ ነበር፤ በእጁ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ባርክሌይስ ባንክ ዘንድ የነበረው ኦቨርድራፍት (ከሒሳቡ በላይ ያወጣው ብድር) ከተፈቀደለት 250,000 ፓውንድ እጅግ አልፎ ነበር። ኩዊስትክሎዝ የተባለ ድርጅት 209,719 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ አበደረው፤ ገንዘቡ ለትርፍ ድርሻው ክፍያ ብቻ እንዲውል ተስማሙ። ባርክሌይስ ዘንድ የተለየ ሒሳብ ተከፈተ፤ ዓላማውን የሚገልጽ ደብዳቤም ለባንኩ ተጻፈ። ድርሻው ሳይከፈል ኩባንያው በዚያው በጋ ተንኮታኩቶ በኦገስት መጨረሻ ወደ ሒሳብ ማጣራት ገባ። ባንኩም በተለየው ሒሳብ ያለውን ገንዘብ ከኦቨርድራፍቱ ጋር አቻቻለ።

በ1968 የጌቶች ምክር ቤት ባንኩን አስመለሰ። ሎርድ ዊልበርፎርስ በጻፉት ፍርድ መሠረት ገንዘቡ ለታወቀ ጉዳይ የተሰጠ ነበር፤ ጉዳዩ ሳይፈጸም ሲቀር ወደ አበዳሪው የሚመለስ አደራ ሆኗል፤ ባንኩም ይህን እያወቀ ነው የተቀበለው። በሌላ አነጋገር ገንዘቡ በሮልስ ሬዘር ስም ይቀመጥ እንጂ የሮልስ ሬዘር አልነበረም። ዛሬ ጠበቆች የደንበኞቻቸውን ገንዘብ፣ የቤት ደላሎችም የቀብድ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ የሚያስቀምጡት፣ ዓላማውንም ለባንኩ በጽሑፍ የሚያሳውቁት ለዚህ ዓይነት ጥበቃ ነው። በጽሑፍ ማሳወቁ ከሒሳቡ ስም ይበልጣል፤ ባንኩ ያላወቀውን አደራ እንዲያከብር አይጠበቅበትምና።

ደመወዝ፣ ጡረታና ድጎማ

አብዛኛው ሰው ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ የዚያ ወር ደመወዙ ነው። በየወሩ 28ኛ ቀን ገብቶ በ30ኛው ለቤት ኪራይ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ማቻቻል ይህን ሲያገኘው ዕዳ ማወራረዱ ቀርቶ ኑሮ መንጠቅ ይሆናል። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባንኮች ደንበኛው ለዕለት ኑሮውና ለዋና ዋና ክፍያዎቹ የሚሆነውን እንዲተዉለት የሚጠይቅ መመሪያ አለው። ጀርመን ከ2010 ጀምሮ ማንኛውም ሰው ሒሳቡን ከወርሃዊ የኑሮ ወጪ ያላነሰ ገንዘብ ወደሚጠበቅበት ልዩ ሒሳብ እንዲያስለውጥ ፈቅዳለች።

በካሊፎርኒያ ሁለት ፍርዶች ተቃራኒ የሚመስል መልስ ሰጥተዋል። በ1974 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባንክ የደንበኛዋን የሥራ አጥነትና የአካል ጉዳት ድጎማ ለክሬዲት ካርድ ዕዳዋ ማቻቻል አይችልም አለ፤ ድጎማው የተሰጠው ለምግብና ለመጠለያ ነው፣ ሌላ ባለገንዘብ ሊነካው የማይችለውን ባንክ ሊነካው አይገባም ሲል። በ2009 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በዚያው ሒሳብ ላይ የተፈጠረ ኦቨርድራፍትና ክፍያውን ከገባ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ መቀነስን ፈቀደ፤ ይህ የሒሳቡ ውስጣዊ ማመጣጠን እንጂ የሌላ ዕዳ ማቻቻል አይደለም ብሎ። ሕጋዊው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ጡረታዋን የምትጠብቅ አሮጊት ግን ልዩነቱን ለማየት ይቸግራታል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ሌላ መንገድ ነው፤ ገደቡ የሚቀመጠው ከወርሃዊ ተቆራጩ ላይ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ በ2011 ባወጣው ደንብ የግል ብድር ወርሃዊ ክፍያ ከገቢ ግማሽ እንዳይበልጥ፣ የብድሩ ጊዜም ከ48 ወር እንዳያልፍ ወስኗል። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ለሠራተኛ የደመወዙን ሲሶ ትፈቅዳለች። ይህ ግን ሥራ ለቆ ወደ አገሩ የሚመለስን ሰው የመጨረሻ ሒሳብ ከማቻቻል በራሱ አያድነውም።

የአሜሪካ ልዩ ገጽታዎች

የፌዴራሉ የክሬዲት ሕግ በ1974 በተጨመረበት ማሻሻያ መሠረት ካርድ ሰጪ ባንክ የክሬዲት ካርድ ዕዳን ከደንበኛው ተቀማጭ ላይ በራሱ ሥልጣን ማቻቻል አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደንበኛው በተጠየቀው ሒሳብ ላይ ቅሬታ እንዲያቀርብ ሕጉ መብት ሰጥቶታል፣ ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ከወሰደ ግን ቅሬታው ባዶ ይሆናል። ለመኪና ወይም ለግል ብድር ይህ ክልከላ የለም። ክሬዲት ዩኒየኖች ደግሞ የተለየ አቋም አላቸው፦ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን ሕግ አባሉ በተበደረው ልክ በአባሉ አክሲዮን፣ ማለትም በተቀማጩ፣ ላይ የመያዣ መብት ይሰጣቸዋል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ለመኪናውም፣ ለካርዱም፣ ለቁጠባውም አንድ ክሬዲት ዩኒየን የሚጠቀም ሰው የፈረመውን ውል የመያዣ አንቀጽ ቢያይ ይበጀዋል። በተለይ የካርዱ ውል ተቀማጩን መያዣ የሚያደርግ ከሆነ ያ ክልከላ ላይጠብቀው ይችላል።

ተበዳሪው በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሲጠይቅ ማንኛውም ባለገንዘብ እጁን እንዲሰበስብ ይታዘዛል፤ ማቻቻልም ይታገዳል፣ መብቱ ግን አይጠፋም። በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሲቲዝንስ ባንክ ኦፍ ሜሪላንድና በስትረምፍ ጉዳይ ያየው ጥያቄ ባንኩ እስኪፈቀድለት ድረስ ገንዘቡን ለጊዜው ይዞ ማቆየት ይችላል ወይ የሚል ነበር። ዳኛ ስካሊያ በጻፉት በሙሉ ድምፅ በተሰጠ ውሳኔ ይችላል ተባለ፤ ጊዜያዊ እገዳው ማቻቻል አይደለም፣ ለመክፈል እምቢ ማለት ነው እንጂ። አመክንዮው የፎሊ ልጅ ነው፦ ባንኩ የያዘው የሰው ንብረት ሳይሆን የራሱን ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) ከቁጥር 1831 ጀምሮ ዕዳ ስለማቻቻል ይደነግጋል። ሁለቱ ዕዳዎች ገንዘብ ወይም ተመሳሳይ ዓይነት ነገር፣ መጠናቸው የታወቀና ቀናቸው የደረሰ መሆን አለባቸው። ሕጉ ለባንክ የተለየ መብት አልፈጠረም፤ ባንኩ እንደ ማንኛውም ባለዕዳ ይቆጠራል። ለኑሮ የሚያስፈልግ ደመወዝና ቀለብ ከማቻቻል ውጭ ናቸው። ይህ ጥበቃ ግን ደመወዝን የሚያየው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለ ዕዳ አድርጎ ነው፤ ደመወዙ ባንክ ከገባ በኋላ ባለዕዳው ባንኩ ነው፣ ዕዳውም ተቀማጭ ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በአንድ ጊዜ ከደመወዝ ሲሶ በላይ እንዳይቀንስ ይከለክላል። ያው ደመወዝ በማግሥቱ ባንክ ሲደርስ ሲሶው ገደብ አብሮት አይሄድም። የጎደለው ድንጋጌ እዚህ ላይ ያለ ይመስላል።

በተግባር የኢትዮጵያ ባንኮች የሚደገፉት በሕጉ ሳይሆን በውላቸው ነው። በብድር ውል ላይ ተበዳሪው ባንኩ በማንኛውም ቅርንጫፍ ካለው ከማንኛውም ሒሳቡ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ቀንሶ እንዲያወራርድ መፍቀዱን የሚገልጽ አንቀጽ የተለመደ ነው። ዋሶችም ይፈርማሉ። በነጠላ የገባ ዋስ በመጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይታይልኝ ማለት ይችላል፤ በአንድነት የገባ ዋስ ግን ባንኩ ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል (ቁጥር 1933)። ለጓደኛው «ስም ብቻ ነው» ተብሎ የፈረመ ሰው የራሱ ቁጠባ ተቀንሶ የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው።

ከባንኮች ሌላ ጠንካራ መሣሪያ ጋር ማነጻጸሩ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የተያዘለትን ቤት ወይም ሌላ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ሆኖም አስቀድሞ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ጨረታም ያወጣል። ቤቱ ሲሸጥ ተበዳሪው አንድ ወር አለው። ተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ሲጠረግ ግን በውሉ መሠረት አንድ ቀንም ላይኖረው ይችላል። የሒሳቡ ገንዘብ ከቤት ያነሰ ስለሆነ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የተጻፈ ቼክ ከኋላው ካለ ጉዳቱ ከገንዘቡ ይበልጣል። መርካቶ ያለ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሰኞ ለአስመጪው የ300,000 ብር ቼክ ይሰጣል፤ ሒሳቡ 320,000 ብር አለው። ማክሰኞ ባንኩ ላለፈበት ብድር 150,000 ብር ይቀንሳል። ረቡዕ አስመጪው ቼኩን ይዞ ሲመጣ ስንቅ የለም ይባላል። በቂ ስንቅ ሳይኖረው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስቀጣል፤ ነጋዴው ቼኩን ሲሰጥ ገንዘቡ እንደነበረ መከራከር ሊኖርበት ይችላል። ከዚህ አንጻር የአንድ ቀን የስልክ ጥሪ ወይም የጽሑፍ መልእክት ለባንኩ የሚያስወጣው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው።

የስልክ ብድር ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመሩት «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አገልግሎቶች ቀኑ ሲደርስ ወይም ገንዘብ ሲገባ ዕዳውን በራስ ሰር ከደንበኛው ይቀንሳሉ። እዚህ ላይ አበዳሪው ባንክ ነው፤ የሞባይል ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሁለቱ ዕዳዎች በእነዚያው ሁለት ሰዎች መካከል ስላልሆኑ ይህ በጥብቅ አነጋገር ማቻቻል አይደለም፤ የቆመው ደንበኛው ስልኩ ላይ «እስማማለሁ» ሲል በሰጠው ፈቃድ ላይ ብቻ ነው።

ባንኩ ራሱ ሲወድቅ

ማቻቻል ብዙ ጊዜ በደንበኛው ላይ የተመዘዘ መሣሪያ ተደርጎ ይታያል። ባንክ ሲከስር ግን ደንበኛው ራሱ ይለምነዋል። 100,000 ፓውንድ ያስቀመጠና 100,000 የተበደረ ሰው ማቻቻል ካልተፈቀደለት ብድሩን ሙሉ ይከፍላል፤ ለተቀማጩ ግን ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር ተሰልፎ ከፓውንዱ ጥቂት ሳንቲም ይጠብቃል። ማቻቻል ሲፈቀድለት ሁለቱ ይጣጣሉ፤ ምንም አይከፍልም፣ ምንም አይጠብቅም። በእንግሊዝ ሕግ በኪሳራ ጊዜ ይህ ማቻቻል ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም፤ የጌቶች ምክር ቤት በ1972 በሄልስኦወን ጉዳይ እንዳጸናውም አስቀድሞ በውል ሊተው አይችልም።

በጁላይ 1991 የተዘጋው ቢሲሲአይ የተባለው ባንክ የሁኔታውን ጭካኔ አሳይቷል። አንዳንድ ሰዎች ለኩባንያቸው ብድር መያዣ እንዲሆን የግል ገንዘባቸውን በዚያ ባንክ አስቀምጠው ነበር። ባንኩ ሲወድቅ ሒሳብ አጣሪዎቹ ብድሩን ሙሉ ከኩባንያው ጠየቁ፤ ለአስቀማጮቹ ተቀማጭ ግን ተሰለፉ አሏቸው። በ1997 ሎርድ ሆፍማን የጻፉት ፍርድ አጣሪዎቹን ደገፈ። ተበዳሪው ኩባንያው ነው፣ አስቀማጩ ደግሞ ግለሰቡ ነው፤ ግለሰቡ ብድሩን ራሱ እከፍላለሁ ብሎ ስላልገባ ሁለቱ ዕዳዎች አይገናኙም። በ1993 በሌላ የቢሲሲአይ ጉዳይ ግን አስቀማጩ በውሉ ራሱን እንደ ዋና ባለዕዳ ስላስገባ ማቻቻሉ ተፈቅዶለት ነበር። ብድሩን ራሱ ለመክፈል ባለመዋዋሉ ተጠቅሜያለሁ ብሎ ያሰበው ሰው ተጎዳ፣ ዕዳውን በራሱ ላይ የወሰደው ዳነ።

የተቀማጭ መድን ያላቸው አገሮችም በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ ከ2010 ማብቂያ ጀምሮ ካሳው የሚከፈለው የአስቀማጩ ብድር ሳይቀነስ ነው፤ ብድሩን በኋላ በተለመደው ጊዜው ይከፍላል። ዓላማው ሰው ባንኩ በወደቀበት ሳምንት ለኪራይና ለአስቤዛ የሚሆን ገንዘብ እንዳያጣ ነው። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ የተቀማጭ መድን ተቋም ቀኑ ያለፈበትን ብድር ከካሳው ላይ መቀነስ ይችላል።